አራተኛው ኡልቲማ ዝናው ይገባዋልን?

(ለማኅበራችን የውይይት ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ውይይት ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በወጣ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ አይተናል። ፈገግታውን አንቃወምም። የኮምፒዩተር ጨዋታ የሚባለው ነገር ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍንም የጥናት ሰዓትንም የሚሰርቅ ጓደኛ መሆኑን ከተማሪ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ዳሩ ግን አንድ ሥራ አርባ ዓመት ያህል በታላቅነቱ ሲወሳ ከኖረ፣ የተማረ ሰው ወይ መርምሮ ምስጋናውን ይቀበላል፣ ወይ መርምሮ ይጥለዋል፤ ሳይመረምር አብሮ ማጨብጨብም ሆነ ሳይመረምር አብሮ መሳቅ አይገባውም።

የምንናገርለት ጨዋታ «ኡልቲማ» ከሚባሉት ተከታታይ ጨዋታዎች አራተኛው ነው፤ ሙሉ ስሙም «አራተኛው ኡልቲማ፦ የአቫታር ፍለጋ» ይባላል። በአሜሪካ አገር በ1985 ወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።) ደራሲው ሪቻርድ ጋሪዮት በ1961 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ተወልዶ በቴክሳስ ያደገ ሰው ነው። አባቱ ኦወን ጋሪዮት የጠፈር ተጓዥ ነበር፤ ልጁም በ2008 ገንዘቡን ከፍሎ ጠፈርን አይቶ ተመልሷል። ጨዋታውን ያሳተመው ኦሪጂን ሲስተምስ ሪቻርድ ከወንድሙ ጋር ሆኖ በ1983 ያቋቋመው ድርጅት ነው። ዝናውን በተመለከተ አንድ ምስክር ብቻ እንጥራ። «ኮምፒዩተር ጌሚንግ ወርልድ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1996 ከጨዋታዎች ሁሉ የሚበልጡትን 150 መርጦ በተርታ ሲያስቀምጥ፣ ይህን ጨዋታ ሁለተኛ አድርጎታል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 11 ዓመት ነበር፤ በኮምፒዩተር ዓለም 11 ዓመት ማለት የአያት ዕድሜ ነው።

በዚያ ዘመን ይህን የመሰሉ ጨዋታዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ነበሩ ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም። ተጫዋቹ የአንድን ሰው ገጸ ባሕርይ ለብሶ በማያውቀው አገር ይዞራል፤ ከአውሬና ከሽፍታ ይዋጋል፣ ወርቅ ይሰበስባል፣ ጉልበቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻም አንዱን ክፉ ጌታ ይገድልና ጨዋታው ያበቃል። መልካም ሰው የሚባለውም ክፉውን የገደለው ነው፤ እስከዚያ ድረስ በመንገድ ላይ ያደረገውን የሚጠይቀው የለም። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ኡልቲማ ራሱ እንዲሁ ነበር። ጨዋታውን ለመጨረስ በቤተ መንግሥት የታሰረችውን ልዕልት ማስፈታት ያስፈልጋል፤ የእስር ቤቱ ቁልፍ የሚገኘው ግን የንጉሡን አጫዋች በመግደል ነው። አጫዋቹ ምን በደለ? ቁልፉ እሱ ዘንድ ከመገኘቱ በቀር ምንም። ከሱቅ ዕቃ ሰርቆ መሮጥም የተፈቀደ ብልኃት ነበር።

ጋሪዮት በኋላ ደጋግሞ እንደ ተናገረው፣ የተጫዋቾችና የወላጆች ደብዳቤ በቀጥታ ለእጁ መድረስ በጀመረ ጊዜ ሰዎች እሱ በሠራው ዓለም ውስጥ ምን እያደረጉ እንደሚውሉ ተገነዘበ። ስለዚህ በአራተኛው ጨዋታ ላይ ክፉውን ጌታ ጭራሽ አስቀረው። በመጨረሻ የሚገደል አለቃ የለም። ከተጫዋቹ የሚፈለገው በስምንት ምግባራት ፍጹም ሆኖ «አቫታር» ለመባል መብቃት ነው። ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን የአምላክን በሥጋ ወደ ምድር መውረድ ያመለክታል።

ስምንቱ ምግባራት ከሦስት መሠረቶች፣ ማለት ከእውነት፣ ከፍቅርና ከድፍረት ይወጣሉ። ከእውነት ሐቀኝነት፣ ከፍቅር ርኅራኄ፣ ከድፍረት ጀግንነት ይገኛል። እውነትና ፍቅር ሲገናኙ ፍትሕ፣ ፍቅርና ድፍረት ሲገናኙ መሥዋዕትነት፣ እውነትና ድፍረት ሲገናኙ ክብር ይሆናል፤ ሦስቱም በአንድነት መንፈሳዊነትን ይወልዳሉ። ስምንተኛዋ ትሕትና ናት፤ እርስዋ ከሦስቱ ከአንዳቸውም አልተወለደችም። የሒሳብ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው ደስ ይላቸዋል፤ ሦስት ነገሮች ሊደራጁ የሚችሉበት መንገድ ስምንት ብቻ ነውና፣ ለባዶው ስፍራ ትሕትና ደረሰችው። የፍልስፍና ክፍል ጓደኞቻችን ግን ምግባርን በሰንጠረዥ መሙላት ይቻላልን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አስቀድመን ጨዋታው ምን አዲስ ነገር እንዳመጣ ማስረዳት ይገባናል፤ ለዚህም ከራሳችን ገበጣ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ሁለት ሰዎች ገበጣ ሲጫወቱ አንደኛው ዞር ባለ ጊዜ ሌላው አንዲት ጠጠር ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሊያሳልፍ ይችላል። ጉድጓዱ አይጮኽም፤ ጠጠሩም አይመሰክርም። ስለዚህ ገበጣ የሚጫወት ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይቀመጣል፤ አንዱ ብልኃቱ፣ ሁለተኛው ታማኝነቱ ነው። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ሁለተኛው ጠፋ። መኪናው ያልተፈቀደውን ፈጽሞ አያስደርግም፤ ካስደረገም ተፈቅዷል ማለት ነው። ማታለል በማይቻልበት ስፍራ ታማኝ መሆንም አይቻልም። አጫዋቹን ገድሎ ቁልፉን የወሰደ ሰው እጁን ታጥቦ የሚተኛው ስለዚህ ነው፤ «መኪናው ፈቀደልኝ» ይላል።

አራተኛው ኡልቲማ ይህን የጠፋውን ነገር መለሰው። እንዴት እንደ መለሰው ለማየት አንዲት ሱቅ ውስጥ እንግባ።

ብሪታኒያ በተባለው በጨዋታው አገር ጥንቆላ የሚሠራው ዕፀዋትና ሌላም ቅመም በማዋሐድ ነው። ነጭ ሽንኩርት አለ፣ የሸረሪት ድር አለ፣ ጥቁር ዕንቁ አለ፤ እነዚህን የሚሸጡት ሴቶች ዓይነ ሥውራን ናቸው። ተጫዋቹ የሚፈልገውን ይጠይቃል፤ ሴትየዋ ሰፍራ ትሰጥና ዋጋውን ትነግረዋለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር በሌላ ሱቅ የለም። ምን ያህል እንደሚከፍል ቁጥሩን የሚጽፈው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ሠላሳ ወርቅ ብትለው ሠላሳ ሊጽፍ ይችላል፤ አንድ ሊጽፍም ይችላል። እርስዋ አታይም። አመስግና ትሸኘዋለች። ደወል አይደወልም፣ ዘበኛ አይመጣም፣ በመስኮቱ ላይ አንድም የቁጣ ቃል አይታይም።

እስቲ የተጫዋቹን ሁኔታ አስቡት። ሌሊት ነው፤ ብቻውን ተቀምጧል፤ ወርቁ አልቆበታል፤ ሻጪዋ የሰው ልጅ ሳትሆን በዲስክ ላይ የተጻፈች ጥቂት መስመር ናት። ከዚህ የበለጠ የማይጎዳ ስርቆት በዓለም ሊገኝ ይችላልን? ሆኖም ብዙዎች ያን ቁጥር ከመጻፋቸው በፊት እጃቸው ይዘገያል። ይሉኝታ ምን እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም። ብዙዎቻችንን ከብዙ ነገር የጠበቀን እሱ ነው፤ ጎረቤት ምን ይላል፣ ዘመድ ምን ይላል እያለ። በዚህች ሱቅ ውስጥ ግን «ይሉኛል» የሚባል ሰው የለም፤ ይሉኝታ ከደጅ ቀርቷል። ገብቶ የሚቀረው ሌላ ነገር ነው፤ መኖር አለመኖሩንም ተጫዋቹ ራሱ ይፈትናል። ፈታኝ ከክፍል ወጥቶ በሩን በዘጋው ጊዜ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ሁሉ ይህን ሱቅ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ውስጡ አሠራር እንለፍ። መኪናው አላየም መስሎ ሁሉን ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ ምግባር ከ0 እስከ 99 የሚደርስ የተሰወረ ቁጥር አለው። ዓይነ ሥውሯን ያታለለ ሰው ሐቀኝነቱ ይወርዳል፤ ለለማኝ የሰጠ ርኅራኄው ይጨምራል፤ ለሐኪም ደሙን የለገሰ መሥዋዕትነቱ ያድጋል፤ ከጦርነት የሸሸ ጀግንነቱ ይቀንሳል። ቁጥሩን የሚያይ ማንም የለም። በንጉሡ በሎርድ ብሪቲሽ ግንብ ውስጥ ሆክዊንድ የሚባል ባለ ራእይ ተቀምጧል፤ ተጫዋቹ ስለ አንዱ ምግባር ሲጠይቀው ያለበትን ደረጃ በቃል ይነግረዋል። ብዙ ሰዓት ከተጓዘና ምናልባትም ያችን ሱቅ ከረሳት በኋላ፣ ሌባ መሆኑን ያለ ማለዘቢያ ሲነግሩት የሚሰማው ስሜት ለ1985 ተጫዋች ፍጹም አዲስ ነበር። ለካስ ታይቷል!

ይህ ሁሉ የተሠራው 64 ኪሎባይት ማስታወሻ ባለው አፕል ቱ ላይ መሆኑን ለኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን እናስታውሳለን። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ስልክ የሚያነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ከዚያ ብዙ እጥፍ ቦታ ትፈጃለች።

እስከዚህ ያመሰገንነው ይበቃል፤ ተቃዋሚዎቹ ከሚሉት ውስጥ ጠንካራውን እንውሰድ። «ምግባርን በነጥብ ቈጥሮ ሽልማት የሚሰጥ ጨዋታ ምግባርን አያስተምርም፤ ነጋዴነትን ያስተምራል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ማስረጃውም በጨዋታው ውስጥ ሞልቷል። ለለማኙ አንድ ወርቅ ሰጠህ አሥር ወርቅ ሰጠህ መዝገቡ አይለይም። ስለዚህ ምሥጢሩን ያወቀ ተጫዋች ከለማኙ ፊት ቆሞ አንድ አንድ ወርቅ እየቈጠረ ርኅራኄውን እንደ ጕድጓድ ውሃ ይቀዳል። ዓይነ ሥውሯን ሲያታልል የኖረ ሰውም በኋላ ጥቂት ጊዜ በትክክል ከከፈላት ቁጥሩ ይስተካከልለታል፤ ይቅርታ መጠየቅ የለ፣ የወሰደውን መመለስ የለ። ድሃው የሚያስፈልገው ለድሃው ሲባል ሳይሆን ለተጫዋቹ ነጥብ ሲባል ነው። ጨዋታው ድሆች ባይኖሩበት ኖሮ አቫታር መሆን እጅግ ይከብድ ነበር!

ይህን ስንል በሩቅ አገር ጨዋታ ላይ ብቻ የምንፈርድ እንዳይመስላችሁ። እኛም የበጎ ፈቃድ አገልግሎትን በሰዓት ቈጥረን የምስክር ወረቀት እንሰጣለን። ሰዓቱ ሲሞላ ከሕፃናቱ ማስጠኛ ክፍል የቀረ ስንት ሰው እንደ ሆነ በዚህ አዳራሽ ያለው ሁሉ በግምት ያውቃል። ሆኖም ሰዓት በመቈጠሩ የመጡና ሰዓቱ ካለቀ በኋላም ሳይቀሩ የቆዩ አሉ። መቈጠሩ አስመጣቸው፤ ያቆያቸው ግን መቈጠሩ አይደለም። እኛ ስለ አራተኛው ኡልቲማ የምናምነውም ከዚህ ይቀርባል። መዝገቡ የሚጎዳው ሲታወቅ ነው። ባልታወቀበት ጊዜ፣ ማለት ተጫዋቹ ምግባራቱን በመጽሐፍ አንብቦ ስንት ነጥብ እንደሚያወጡ ግን ሳያውቅ በሚዞርባቸው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች፣ ሱቋ እውነተኛ ፈተና ናት። ምሥጢሩ ከተገለጠ በኋላ ያው ሱቅ የሒሳብ ክፍል ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ዝና አንድ የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን። ጨዋታው ዝነኛ በመሆኑ የተጻፈለት መመሪያ በዝቷል፤ እያንዳንዱ ድርጊት ስንት ነጥብ እንደሚያስጨምርና እንደሚያስቀንስ በሰንጠረዥ ተዘርዝሯል። «ታላቅ ነው» መባሉን ሰምቶ የሚመጣ አዲስ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ሰንጠረዡንም አብሮ ይዞ ይመጣል። ተጫውቶም ሲጨርስ «ይህ ነው ያ ሁሉ የተባለለት?» ይላል። አይፈረድበትም፤ የተመሰገነውን ጨዋታ አልተጫወተምና።

ስለ ሌላው ጉድለት ብዙ አንናገርም። ጦርነቱ አሰልቺ ነው፤ በመጨረሻው ጥልቅ ዋሻ ስምንት ሰዎችን አንድ በአንድ እያንቀሳቀሱ መዋጋት ትዕግሥት ይጨርሳል። ሥዕሉ ለዛሬ ዓይን ሻካራ ነው። ከሰው ጋር የሚነጋገሩት አንዳንድ ቃል በመጻፍ ነው፤ ስምህ ማን ነው፣ ሥራህ ምንድን ነው፣ ጤናህስ እንዴት ነው እያሉ። (በዚህ በኩል እንኳ የእኛን አገር ሰላምታ ለለመደ ሰው አይከብድም።) የሰሙትን ሁሉ ካልጻፉት ስለሚጠፋ ደብተርና እርሳስ ያስፈልጋል፤ ይህን ጉድለት የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ወደነዋል።

ትሕትናን በተመለከተ ቃል ገብተን ነበርና እንመለስበት። ጨዋታው ሲጀመር ካርታ ዘርግታ ዕጣ የምትናገር ሴት ለተጫዋቹ ሰባት ጥያቄ ታቀርብለታለች። በእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ምግባራት ይጋጫሉ። ለምሳሌ ያልተቈጠረ የወርቅ ከረጢት አድርስ ተብለህ አደራ ተቀብለሃል፤ በመንገድ የተራበ ለማኝ አገኘህ፤ ከከረጢቱ አንድ ብታወጣ የሚያውቅ የለም። ሐቀኝነት ወይስ ርኅራኄ? ሁለቱንም መምረጥ አይፈቀድም። የተመረጠው እያለፈ ሌላው እየወደቀ በመጨረሻ አንዱ ይቀራል፤ የተጫዋቹ ሙያም በዚያ ይወሰናል። ጀግንነትን ያስቀደመ ወታደር፣ መሥዋዕትነትን ያስቀደመ የብረት ዕቃ ጠጋኝ ይሆናል። ትሕትናን ያስቀደመ ግን እረኛ ይሆናል። እረኛው ከሁሉ ደካማ ነው፤ ጉዞውንም የሚጀምረው በማጂንሺያ አጠገብ ነው፤ እርስዋም ሕዝቧ በትዕቢቱ ጠፍቶ መናፍስት ብቻ የቀሩባት ፍርስራሽ ከተማ ናት። እንግዲህ ትሑት ነኝ ያለውን ሰው ጨዋታው ምንም ነጥብ ሳይሸልም ወደ ፍርስራሽ ይልከዋል። ከሰንጠረዡ ባዶ ስፍራ ተነሥታ የመጣችው ምግባር ከሁሉ የምትከብድ ሆና ተገኘች። ምግባር በሰንጠረዥ ይሞላልን ብለው ለሚጠይቁት ወገኖቻችን መልሳችን ይህ ነው፤ ሰንጠረዡ ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ደራሲው በደረቁ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ሕያው ነገር ለመትከል ስፍራ አላጣም።

ደራሲው ራሱ የሥራውን አደጋ ማወቁን የሚያሳየው በኋላ የጻፈው ነው። በ1988 በወጣው በአምስተኛው ኡልቲማ ሎርድ ብሪቲሽ ከአገሩ ይጠፋል፤ በቦታው ብላክቶርን የተባለ ጌታ ይገዛል። ይህ ሰው ምግባራቱን አልሻራቸውም፤ ሕግ አደረጋቸው እንጂ። የዋሸ ምላሱ ይቆረጣል፤ ከገቢው እኩሌታውን ለድሆች ያልሰጠ ገቢውን ሁሉ ያጣል። ትናንት ተጫዋቹ ነጥብ ለማግኘት ሲያደርገው የነበረው ዛሬ ሰው ሁሉ ቅጣትን ፈርቶ ያደርገዋል፤ አገሩም ሲኦል ይመስላል። በ1990 የወጣው ስድስተኛው ደግሞ ከዚህ አለፈ። በአራተኛው መጨረሻ አቫታሩ በታላቅ ክብር የደረሰበት የጥበብ መጽሐፍ ከሌሎች ወገኖች አገር የተወሰደ መሆኑ ታወቀ፤ በመወሰዱ ምክንያት አገራቸው የፈረሰባቸው ጋርጎይል የተባሉት ፍጡራን አቫታሩን የሚያውቁት በሐሰተኛ ነቢይነት ነው። በስምንቱም ምግባራት 99 የሞላው ሰው ያላየው በደል ነበረበት ማለት ነው። በመዝገቡ ውስጥ ለእነርሱ የተከፈተ ገጽ አልነበረምና።

እንግዲህ ፍርዳችንን እንስጥ። ይህ ጨዋታ ሰውን መልካም ያደርጋል የሚለው ምስጋና ከመጠን ያለፈ ነው፤ እንቀበለው ብንል በለማኙ ፊት አንድ አንድ ወርቅ የሚቈጥረው ሰው ያሳፍረናል። ዝናው የሚገባው በሌላ ምክንያት ነው። ማታለል በማይቻልበት መኪና ውስጥ ማታለል የሚቻልባትን አንዲት ሱቅ ከፈተ፤ ሰውንም ብቻውን አስገብቶ ዝም አለ። ከእሱ በኋላ በመጡ ብዙ ጨዋታዎች መልካምና ክፉ ሥራ የሚለካበት መስፈሪያ በመስኮቱ ጥግ ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ተስሎ ይታያል። መስፈሪያውን ወረሱ፤ ዝምታውን አልወረሱም። ስለዚህ አራተኛውን ኡልቲማ በተከታዮቹ ብዛት ለማክበር የሚፈልጉ ወዳጆቹ ጥንቃቄ ቢያደርጉ ይሻላል፤ ተከታዮቹ የወሰዱት በአብዛኛው ደካማውን ጎኑን ነው።

ለመሞከር የሚፈልግ ቢኖር ጨዋታውን ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል፤ በማንኛውም አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ሰንጠረዡን አትፈልጉ፤ ደብተር ያዙ። ወደ ዕፀዋት ሱቋ ስትገቡ ምን እንደ ከፈላችሁ ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

ተቃራኒውን ወገን የሚወክሉት ጓደኞቻችን ጦርነቱ አሰልቺ ነው በሚለው ላይ ብቻ ረዥም ንግግር እንዳዘጋጁ ሰምተናል። በዚያ ላይ አስቀድመን ስለ ተስማማን ሰዓታቸውን በቀረው ላይ እንዲያውሉት በአክብሮት እየጠየቅን መድረኩን እንለቅላቸዋለን።